አቤት ባይ

ደሴ ላይ ኮከብ ለማየት ቀጠሮ አይያዝም፤
ጉሙ ከቦሩ ሜዳ ሲነሣ ማንንም አያስፈቅድም።
ስለዚህ ጋሽ እብሬ ማየቱን ተወና
ጆሮውን ቀሰረ፣ ወደ ሰማይ ቀና።
«ጉም ዓይን ነው የሚጋርድ» ይላል፣
«ጆሮን ማን ይከለክላል?»

ሰኞ ገበያ ናት፣ ከጫማ ሰፊው ጎን፣ ሱቁ፤
ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮኖች መደርደሪያው ላይ ሲስቁ።
ጣሪያው ላይ ዲሽ አለ፣ በረዶ የቀጠቀጠው፣
ከፈረሰ ሆቴል ቁራሌው አምጥቶ የሸጠው።
ኳስ አያይበትም። ዜናም አይሰማበት።
ሺህ አራት መቶ ሃያ ላይ፣ ጣቢያ በሌለበት፣
ሌሊቱን ይቆያል፣ ጋቢውን ደርቦ፣
እሽሽታውን ሰምቶ፣ ወረቀት ላይ ከትቦ።

እኔ ሐያት ነኝ፤ ብየዳ ያስተማረኝ፣
ከትምህርት ቤት ስወጣ «ነይ እስቲ» ብሎ የጠራኝ።
አንድ ቀን ጠየቅኩት፦ «ምን አገኘህ እስካሁን?»
«ዝምታ» አለኝ፤ «ለይቼዋለሁ ግን አሁን አሁን፦
የሞተ ሰው ዝምታ አለ፤ ያኮረፈ ሰው አለ፤
ገና ጥሪው ያልደረሰው፣ መንገድ ላይ ያለም አለ።
ይኼኛው የቱ እንደሆነ ነው እንጂ የማላውቀው።»
ካውያውን እፍ አለና ሥራውን ቀጠለው።

የሰፈር ሰው አወራ፦ «ጂን ነው የሚጠራው»፣
«የለም፣ ሥራ ፈትነት ነው ይኼን የሚያሠራው።»
ሸህ ኑርዬ ግን የሬዲዮ ባትሪ ሊያስቀይሩ መጥተው
ወደ ዲሹ አዩ፣ መቁጠሪያቸውን ገትተው፦
«‹የዓለማት ጌታ› ነው የምንል በየሶላቱ፤
አንድ ብቻ ቢሆን ምን አበዛው ቃላቱ?»
ሒሳብ ከፍለው ወጡ።

ከዚያ ያ ኔትወርክ የጠፋበት ክረምት መጣ።
ስልክ ሁሉ ድንጋይ ሆነ። ሰው ሁሉ ጦሳ ወጣ።
እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ ስልኩን እንደ ጧፍ ይዞ፣
«ሃሎ? … ሃሎ?» ይላል፣ በጦሳ ብርድ ደንዝዞ።
ወንድሜ ኮምቦልቻ ነው፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፤
ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው መንገዱ ቢለካ።
ዶሮ መዝለያን ወርዶ፣ ቦርከና ላይ መድረስ፤
ያን ሰሞን ከጨረቃ ማዶ ነበር፣ እንኳን ለመመለስ።

ጋሽ እብሬ አጠገቤ ቆሞ ሕዝቡን ያያል፤
«አየሽ» አለኝ፣ «ይኼው ሁሉም እንደኔ ሆኗል።»
ያኔ ነው የገባኝ የሚጠብቀው ነገር፦
ከጠፈር ጥበብ፣ ቁጥር፣ ቀመር አልነበር፤
«አቤት» የሚል አንድ ቃል።
ሲጠሩት አቤት የሚል፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ሦስት ወር አለፈው። አንድ ማለዳ ከመሬት ተነሥቶ
ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረኝ፤ መልእክት ገብቶ።
የወንድሜ አይደለም። ቁጥሩን አላውቀውም።
«አለህ ወይ?» ይላል። ሌላ ምንም የለውም።
«አለሽ» እንኳ አይልም፤ የሚፈልገው ወንድ ነው፤
የተሳሳተ ቁጥር ብዬ ላጠፋው ስል፣ ጋሽ እብሬ እጄን ያዘው።

«አታጥፊው» አለ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ።
የረሳው ካውያ ጠረጴዛው ላይ ፕላስቲክ አቀለጠ።
«ስንት ዘመን ጮኸናል፤ በሬዲዮ፣ በጥሩምባ፣
ምናልባት ደርሷቸዋል፣ ሄዶ ጆሯቸው ገባ።
ምናልባት አንዷ ሐያት፣ እዚያ ማዶ፣ ጉም ባለበት፣
‹የተሳሳተ ቁጥር ነው› ብላ ይሆናል የዘጋችበት።»

ጻፍኩ። «እሱ አይደለሁም። ግን አለሁ። ደሴ ነኝ።»
ሌላ ምን ልበል? ለማላውቀው ሰው ምን አለኝ?
ላክሁት።

ጉሙ ጣሪያው ላይ ወረደ፤ ዲሹን ዋጠው።
የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሱቁን ሞላው።
ጋሽ እብሬ ወደ እሽሽታው ተመለሰ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፤
ከቃሌ ጎን ትንሿ ሰዓት
ትዞራለች፣
ገና ትዞራለች።